አልጌው በሽታ አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃችሁን ለኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው። ርዕሱን ሳይ ደስ አለኝ፤ በእኛ አገር ጋዜጣ ላይ ስለ ዓሣ የሚጻፈው ወይ ሁዳዴ ሲገባ ስለ ዋጋው ነው፣ ወይ ስለ ጣና። ደስታዬ ግን ከሦስተኛው አንቀጽ አላለፈም። ጸሐፊው አልጌ፣ ማለትም መስታወቱና ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴና ቡናማ ነገር፣ የወረረውን ገንዳ «የታመመ» ይሉና ሦስት ነገር ያዝዛሉ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ መብራቱን ለሦስት ቀን ማጥፋት፣ ከዚያ የአልጌ መድኃኒት መጨመር። በቃ። ለጎልድ ፊሽ ከሆነ እዚያም ቢሆን አልስማማም፣ ግን ብዙ አልከራከርም። ጽሑፉ የወጣው ግን የኮራል ፎቶ ከጎኑ ተለጥፎ ነው፣ የባሕር ውሃ ገንዳንም በስም ጠቅሷል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ገንዳ፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ፣ ይሄ ምክር ዓሣ ይገድላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አልጌ በሽታ አይደለም። በላተኛ ነው፣ የሚበላውም እኛ የሰጠነውን ነው። ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት (ከምግብ ትርፍና ከዓሣ ዕዳሪ የሚመጡ፣ ለአልጌ እንደ ማዳበሪያ የሚሆኑ ነገሮች) ካለ፣ ላዩ ላይ መብራት ካለ፣ አልጌ ይኖራል፤ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ብቻ ነው። የሚገባውን ሳይቀንሱ መድኃኒት መጨመር ማዳበሪያ እየበተኑ አረም እንደመንቀል ነው። የሞተው አልጌ ራሱ እኮ በስብሶ እንደገና ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። ወዴት ይሄዳል? ገንዳው ዝግ ነው።

ኮራል ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ብዙ ሰው ኮራልን ወይ ድንጋይ ወይ ተክል ያደርገዋል። እንስሳ ነው። ግን ቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው አብዛኞቹ ኮራሎች ሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይዘው ነው የሚኖሩት። ያ አልጌ ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለኮራሉም ያካፍለዋል። ባሕር ሲሞቅ ኮራል ነጣ ሲባል የምትሰሙት ይኸው አልጌ ከውስጡ ሲወጣ ነው። እንግዲህ «ማንኛውንም አልጌ ያጠፋል» የሚል ጠርሙስ ስትገለብጡ ማንን ነው የምትመቱት? ብዙዎቹ ለኩሬ የተሠሩ ማጥፊያዎች ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ። መዳብ ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው፣ አንዴ ከገባ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ይሄን አይነግራችሁም። «ጋሼ፣ ሁለት ክዳን ብቻ ጠብ ያድርጉበት፣ ነገ መስታወት ይሆናል» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ መስታወት ይሆናል። የሚኖርበት ነገር አይቀርም እንጂ።

አሁን የአዲስ አበባን ጉዳይ ላምጣ፣ ምክንያቱም የውጭ መመሪያዎች ላይ ይሄን አታገኙትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ሯጮቻችን እንጦጦ የሚወጡትም ለዚሁ ነው። ዓሣዎቻችን ግን ሯጭ የመሆን ዕቅድ የላቸውም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን መጠን የሚወሰነው በአየሩ ግፊት ነውና፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 5 ገደማ ነው የሚይዘው። ገና ምንም ሳይነካ ሩቡ ጎድሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ አልጌውን በጅምላ ግደሉት። መበስበስ ይጀምራል፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። መብራቱን አጥፍታችኋል፣ ስለዚህ ኦክስጅን የሚያመርት የለም፣ ኮራሉም ዓሣውም አልጌውም ሁሉም ይተነፍሳል። ከዚያ ደግሞ ሌሊት ኤሌክትሪክ ሄደ። መሀል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የነበረ ትልቅ ገንዳ እንዲህ ነው ያለቀው፤ ማታ መድኃኒት ተጨመረ፣ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ የተያዘው ለሊፍትና ለወጥ ቤት ነበር፣ ጠዋት ዓሦቹ ተገልብጠው ተገኙ። ጥፋቱ የተላከከው ግን አልጌው ላይ ነው።

እንግዲህ ማንም ሰው አልጌ ከመዋጋቱ በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዛ። ርካሽ ነው። ኢንቨርተር ያለው ሰው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በፊት የውሃ ማንቀሳቀሻውን ፓምፕ ይሰካበት፣ ቤተሰብ ቢቆጣም።

እና ከየት ይጀመር? ከውሃው። እዚህ ላይ ትንሽ አረዝማለሁ፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ገንዳዎች ችግር ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ፣ የሚመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የከተማው ውሃ ምንጩ አንድ አይደለም። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች አሉ፣ የአቃቂ ጉድጓዶችም አሉ። ዛሬ ቧንቧችሁ ላይ የመጣው ከየትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። የጉድጓድ ውሃ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ድንጋይ መሀል ሲጓዝ የከረመ ስለሆነ ሲሊካ (አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ማዕድን) ይዞ ይወጣል፤ እንደየቦታው ናይትሬትም ሊኖረው ይችላል። ሲሊካው እኛ ስንጠጣው ምንም አይለንም። ዳያተም የሚባለው ቡናማ አልጌ ግን ቅርፊቱን የሚሠራው ከዚሁ ከሲሊካ ነው። አዲስ ገንዳ በተከፈተ በጥቂት ሳምንታት አሸዋው ላይ ቡናማ ዱቄት የሚነሰነሰው በዚህ ነው። ሲሊካው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ እናንተ በየቀኑ የቧንቧ ውሃ እየጨመራችሁ ካላቆያችሁት በስተቀር።

በየቀኑ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የበጋ አየራችን ደረቅ ነው፣ ገንዳው ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨውና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ሰዉ ለሳምንታዊው የውሃ ቅያሬ ይጠነቀቅና፣ የተነነውን ለመተካት ግን በጆግ ከቧንቧ ይቀዳል። ጆጉ ትንሽ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል? በወር ሲደመር ግን በዚያ በኩል የሚገባው በቅያሬው የወጣውን ሊያካክስ ይችላል።

ስለዚህ አር ኦ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀር ማጣሪያ። መጨረሻው ላይ ሬዚን (ከሜምብሬኑ ያመለጠውን ማዕድን የሚይዝ ቅንጣት) ያለበት ቢሆን ይመረጣል። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ሜምብሬኑም ካርቦኑም ይገኛል። ሻጮቹ የማይነግሯችሁ የግፊቱን ነገር ነው። ሜምብሬኑ በደንብ እንዲሠራ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፣ በቀረው ቀን ከሮቶ ነው የምንጠቀመው፤ ሮቶው ከቧንቧችሁ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ የሚሰጣችሁ 1 ባር ብቻ ነው። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ የሌለው አር ኦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፣ ጠብ ያለውም በቅጡ የተጣራ አይደለም። ብዙ ሰው «አር ኦ ገዛሁ፣ አልጌው ግን አልጠፋም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሌላው ደግሞ የሚጣለው ውሃ። አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሦስት አራት ጄሪካን በሌላኛው ቱቦ ይወጣል። በዚህ ከተማ ውሃ መድፋት ነውር ነው፣ ስለዚህ አይደፋም። ልብስ ይታጠብበታል፣ ደረጃ ይወለወልበታል፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። እኔ ያለሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት እናት የእኔ ማጣሪያ የሚሠራበትን ቀን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ባልዲያቸውን ይዘው በር ላይ ይቆሙና «ልጄ፣ ዛሬ ዓሣዎችህ አልጠማቸውም እንዴ?» ይሉኛል።

ውሃው መጣራቱን የምታውቁት በቲ ዲ ኤስ ሜትር ነው፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የምትለካ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ ናት፣ ዜሮ ማንበብ አለባት። ግን ዜሮ ስላለች ሙሉ በሙሉ አትመኗት። ሬዚኑ መድከም ሲጀምር ቀድሞ የሚያመልጠው ሲሊካ ነው፣ ይቺ ሜትር ደግሞ ሲሊካን ብዙም አታየውም። ቡናማው ዱቄት ያለ ምክንያት ከተመለሰ ሬዚኑን ቀይሩ።

ሃይላንድ ውሃ ገዝቶ የሚሞላ ሰውም አይቻለሁ። የታሸገ ውሃ ማለት ማዕድን የሌለው ውሃ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ማዕድኑን ነው የሚያስተዋውቁት፤ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። የባትሪ ውሃ የሚገዙም አሉ፣ አሲዱና ውሃው ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ተደርድረው በሚሸጡበት አገር እኔ አልደፍረውም። ጨውን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥያቄው ሁሌም ስለሚመጣ፣ የአፋር ጨው አይሆንም። ወጥ ያጣፍጣል። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዢየም፣ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር በመጠኑ የያዘ ነው፣ እሱን የሚተካው ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀው ጨው ብቻ ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ስትሰጡ በረዶው የቀለጠበትን ውሃ ድፉት፣ ፎስፌት አለበት። ዓሦቹ ባንድ ሁለት ደቂቃ ጨርሰው ከሚበሉት በላይ አትጨምሩ። ቤት ውስጥ መጋቢው አንድ ሰው ይሁን፤ አባት ጠዋት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ አዝናላቸው ማታ ከሰጠች ያ ገንዳ በምንም አይድንም። ረቡዕና ዓርብ ብታስጾሟቸውም አይሞቱም፣ አብዛኞቹ ዓሦች ይሄን በደንብ ይችሉታል።

ብርሃንም እንዲሁ። በቀን 8 ሰዓት ገደማ ይበቃል፣ ነጩን ቀንሶ ሰማያዊውን ማብዛት ይረዳል። ገንዳውን መስኮት ዳር አታስቀምጡት፣ የኛ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ የዘለለው ግን ዋናውን ነገር ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያለው የትኛው ነው? «አልጌ» ተብሎ በጅምላ የሚጠራው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፣ አንዱን የሚያጠፋው ሌላውን ያፋፋል።

በብሩሽ ነካ ሲያደርጉት እንደ አቧራ ቦነን የሚለው ቡናማ፣ ዳያተም ነው፣ አልፎ ሂያጅ ነው። እንደ ጨርቅ ተያይዞ ከአሸዋው ላይ የሚላጠው፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ፣ ሲያወጡት የሚሸት፣ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል፤ እሱ እንዲያውም አልጌ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትንና ቆሻሻ የተጠራቀመበትን ጥግ ነው። በቱቦ ስቡት፣ ከዚያ የፓምፑን አቅጣጫ ወደዚያ ጥግ አዙሩት፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ረዘም ያለው አረንጓዴ ፀጉር የናይትሬትና የፎስፌት ጉዳይ ነው፣ በእጅ ይነቀላል፣ የሚነቀለውም ከውሃ ቅያሬ በፊት ነው፣ የተበጣጠሰው አብሮ እንዲወጣ። አረንጓዴ ሆኖ እንደ ፊኛ የተነፋውን ግን በጥፍራችሁ አታፈንዱት፣ ውስጡ ያለው ዘር ሊበተን ይችላል፤ ከነሥሩ ፈንቅላችሁ አውጡት ወይም ድንጋዩን ከገንዳው ውጭ አጽዱት።

ከሁሉም የከፋው ዳይኖፍላጀሌት ነው፣ እኛ ዳይኖ የምንለው። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፣ ክር ክር ይሠራል፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ያንጠለጥላል፣ ማታ ይጠፋና መብራት ሲበራ ይመለሳል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ስላለው የሚበሉት ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ። መለየት ከፈለጋችሁ ጥቂቱን ከነውሃው በመርፌ ስባችሁ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፣ በኃይል ነቅንቁት፣ በሶፍት ወይም በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት፣ ከዚያ ያለፈውን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ መብራት ሥር አስቀምጡት። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንደገና ተሰብስቦ ክር ከሠራ ዳይኖ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ላቦራቶሪ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የተሻለ፤ ቡና ጋብዙትና አሳዩት።

ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ዳይኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውሃው ከመጠን በላይ ሲጸዳ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲገቡ ሌሎቹ ተፎካካሪዎች ይራባሉ፣ ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። የእናንተ ጸሐፊ ያዘዙትን ሙሉ የውሃ ቅያሬ ዳይኖ ላለበት ገንዳ ብታደርጉት ይብስበታል። እዚያ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ቅያሬውን ማቆም፣ ፎስፌት መምጠጫውን ማውጣት፣ ናይትሬትና ፎስፌቱ ጥቂት ከፍ እንዲል መፍቀድ፣ እንደ ዓይነቱም ዩቪ ማጣሪያ (በጨረር የሚገድል) መጨመር። አንድ ዓይነት ቡናማ፣ ሁለት ተቃራኒ ሕክምና። ለዚህ ነው «ቡናማ ከሆነ እንዲህ አድርጉ» የሚል ምክር የሚያናድደኝ።

ስንት ይሁን ለሚል ሰው፣ ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢሆን አብዛኛው ኮራል ይስማማዋል። ዜሮ ግብ አይደለም፣ ኮራልም ይራባል። የመለኪያ ኪቱን ስታነቡም ተጠንቀቁ። ድንጋዩ በሙሉ ፀጉር አብቅሎ ኪቱ «ዜሮ» ቢል ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ አልጌው ቀድሞ በልቶት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ውሃዬ ዜሮ ነው፣ አልጌው ከየት መጣ?» ብትሉ መድኃኒት ይሸጡላችኋል። መልሱ ፀጉሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ንቀሉት፣ ምግብ ቀንሱ፣ ከዚያ ለኩ። ፎስፌቱ በጣም ከፍ ካለ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት በከረጢት አድርጎ ማጣሪያው ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ግን በጥቂቱ፣ ድንገት ሲወርድ ኮራሉ ይጎዳል።

የውጭ ሰዎች መመሪያ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው «ይህን ያህል ቀንድ አውጣ፣ ይህን ያህል ሸርጣን ጨምሩ» የሚል ነው። ከየት? ሒልተን ፊት ለፊት ይሸጣል? እዚህ አንድ ቀንድ አውጣ ሰው ከውጭ ሲመጣ አብሮ ካልመጣ የለም፣ መንገድ ላይም ግማሹ ይሞታል። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ኬቶ የሚባለው አረንጓዴ የባሕር አልጌ ነው። እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ነገር ነው። ከገንዳው ሥር ባለ ሁለተኛ ሳጥን ውስጥ በራሱ መብራት ታሳድጉታላችሁ፣ ናይትሬትና ፎስፌቱን እየበላ ያድጋል፣ ሲያብጥ ግማሹን ቆርጣችሁ ታወጡታላችሁ። አልጌን በአልጌ። መብራቱን ደግሞ ማታ አብሩት፣ የላይኛው ገንዳ ሲጨልም። ሌላ አገር ሰዎች ይህን የሚያደርጉት በዋናነት ፒ ኤችው (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ሌሊት እንዳይወርድ ነው። እኛ ጋ ግን ትልቁ ጥቅሙ ኦክስጅኑ ነው፤ ሁሉም በሚተነፍስበት ሰዓት አንድ የሚያመርት አለ ማለት ነው፣ በዚህ ከፍታ ላይ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ፋርማሲ የሚሮጡትንም ልናገራቸው። 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ገንዳው ውስጥ ተገልብጦ አይደለም። ድንጋዩን አውጥታችሁ ፀጉሩ ላይ ብቻ በብሩሽ ቀቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በጨው ውሃ አለቅልቁት፣ መልሱት። ሽሪምፕ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ላባ የሚመስለውን ብራዮፕሲስ የሚባል አልጌ ያጠፋል፣ እውነት ነው፣ ሌላ ነገር ሳይሞከር ግን አይጀመርም፣ ሲሞትም በቀስታ በብዙ ሳምንት ነውና አየር ማስገቢያው ይጨመር። ለሳይኖባክቴሪያ ብሎ ኤሪትሮማይሲን የሚጨምረውን ሰው ግን በፍጹም አልደግፍም። ገንዳውን የሚያጸዱትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል፣ ከዚያም በላይ ያ ውሃ ነገ መታጠቢያ ቤት ይደፋል። አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ የሚሸጥበት ከተማ ውስጥ ሌላ ባልዲ ሙሉ ወደ ወንዝ መጨመር ምን ይባላል?

ወንዙን ካነሳን፣ ይሄ ለዓሣ ወዳጆች ብቻ የሚሆን ወሬ አይደለም፣ ጋዜጣችሁ ላይ ቦታ ይገባዋል የምለውም ለዚህ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የከተማችንን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ ቆቃ። ቆቃ ሐይቅ በአረንጓዴ ቅባት ተሸፍኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሳይኖባክቴሪያ ነው፣ መርዝም ያመነጫል። የእኔ ገንዳ ጥግ ላይ የሚያስቸግረኝ ቀይ ጨርቅ የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። እዚያም መድኃኒት አይደለም ጥያቄው፣ የሚገባው ነው። እምቦጭም አልጌ ባይሆንም ከዚሁ ጠረጴዛ ነው የሚበላው፣ ጣና ላይ ሰው በእጁ ሲነቅል ዓመታት አለፉ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ግን ያው ነው። 300 ሊትር ገንዳ ላይ ይሄን መማር ይቻላል፣ ቢሳሳቱም የሚሞተው ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ጽሑፉ ይታረም፣ በተለይ ሦስት ቀን ጨለማና መድኃኒት አንድ ላይ የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ቆርጦ ፍሪጅ ላይ ሳይለጥፈው። ሌላ ጊዜ ስለ ገንዳ ስታወጡ ደግሞ ጸሐፊውን የባሕር ውሃ ነው ወይስ የሐይቅ ውሃ፣ ከምን ውሃ ተሞላ፣ ናይትሬቱና ፎስፌቱ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቋቸው። እነዚህን ሳያውቁ ምክር የሚሰጡ ከሆነ ገጹን ለኳስ ስጡት፣ አልቀየምም።

ኬቶ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይዟል፣ ያገናኙት። በነፃ ነው፤ ፌስታልና ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ፣ የሚያስቸግረውን ቡናማ ነገርም በጠርሙሱ ቀድቶ ቢያመጣልኝ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከልደታ